የምድጃ ጢስ ልብን እንዴት እንደሚጐዳ

«ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መውጫው የት የት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ጢሱ ከፊሉ በሣሩ ክዳን መካከል እየሾለከ ይወጣል፤ ከፊሉ በበሩ ይወጣል፤ የቀረው ግን ከምድጃው ፊት በተቀመጠችው እናት አፍንጫ ገብቶ በሳንባዋ በኩል እስከ ደም ሥሯ ይደርሳል። በዚህ ወረቀት የምንነጋገረው ስለዚህኛው መውጫ ነው።

ጢስ ዐይን እንደሚያቃጥል ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሳል እንደሚያመጣና ሕፃናትን ለሳንባ ምች እንደሚያጋልጥም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር ቢኖር ጢስ ከብዙ ዓመት በኋላ ልብንና የደም ሥርን የሚጐዳ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2020 ከቤት ውስጥ የማገዶና የላምባ ጢስ የተነሣ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ከነዚህም ውስጥ ከ100 ሰው 32ቱ የሞቱት ልብን የሚመግበው የደም ሥር ጠቦ ወይም ተደፍኖ ነው። 23ቱ ደግሞ የሞቱት በአንጐል የደም ሥር መደፈን ወይም መፍሰስ፥ ማለት ስትሮክ በሚባለው ነው። እንግዲህ ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት በሳንባ በሽታ ሳይሆን የደም ሥራቸው ተጐድቶ ነው ማለት ነው።

ነገሩ እንዲገባን ከቅርብ እንጀምር። በምሥራቅ ጎጃም፥ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ሉማሜ አለች፤ የአዋበል ወረዳ ከተማ ናት። በከተማይቱ መብራት የገባለት ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግር ይሆናል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ግን ምጣዱ የሚጣደው በጉልቻ ላይ ነው፤ ማገዶውም የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል፥ ኩበትና የበቆሎ አገዳ ነው። ይህም የሉማሜ ብቻ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ቤተሰብ ከ90 የሚበልጠው በእንጨት፥ በከሰል፥ በኩበትና ይህን በመሰለ ማገዶ የሚያበስል ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን በዚህ አገር ያለች አንዲት እናት በመጋገሪያዋ ቀን ምን እንደምትሠራ እናስብ። ጧት ተነሥታ አብሲት የጣለችውን ሊጥ ታያለች። ምጣዱን ትጥዳለች። ማገዶው ጤዛ ነክቶት እንደ ሆነ እሳቱ እንቢ ይላል፤ ቤቱ ወዲያው በጢስ ይሞላል። እርሷም ጐንበስ ብላ እፍ ትላለች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሰው እፍ ብሎ ከጨረሰ በኋላ የግድ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ የሚስበውም ከእሳቱ አፍ ላይ ያለውን ነው። በቀን ውስጥ ከሚተነፈሰው ትንፋሽ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። እሳቱ ከተያያዘ በኋላም ምጣዱን በጐመን ዘር እያሰሰች፥ ሊጡን እያዞረች፥ አክንባሎውን እየከደነች፥ ጭራሮውን እየቈሰቈሰች ሃያና ሠላሳ እንጀራ እስክታወጣ ድረስ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትቀመጣለች። ጀርባዋ ላይ የታዘለ ሕፃን ካለ እርሱም ያንኑ አየር ይተነፍሳል። ባልዋና ወንዶች ልጆቿ በዚያ ሰዓት እርሻ ወይም ከብት ጥበቃ ላይ ናቸው። የጢሱ ዕዳ በቤቱ ሰው ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ አብዛኛውን የምትከፍለው እናቲቱና የምታግዛት ሴት ልጅ ናቸው።

ጢስ እንደ ደመና ሆኖ ቢታየንም ክፉው ክፍል የማይታየው ነው። ትልልቁን ጥላሸት አፍንጫችን ይይዘዋል፤ በንፍጥ ጠቁሮ የሚወጣው እርሱ ነው። ነገር ግን በጢሱ ውስጥ ሌላ እጅግ የደቀቀ ትቢያ አለ፤ ውፍረቱ ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ይህን አፍንጫም ጉሮሮም አይዘውም፤ አየር ከደም ጋር እስከሚገናኝበት እስከ ሳንባው ጥግ ይወርዳል።

የዚህን ትቢያ ልክ ለማስረዳት ጤፍ ይረዳናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2021 ባወጣው ደንብ፥ ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም አንድ አንድ ሜትር በሆነ ስፍራ ያለው አየር በቀንና በሌሊት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም የበለጠ ደቃቅ ትቢያ እንዳይኖርበት ይላል። ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም ለአንድ ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ ክፋይ ነው። አንዲት ፍሬ ጤፍ 300 ማይክሮግራም ያህል ትመዝናለች። ስለዚህ አንዲት ፍሬ ጤፍ ወስዳችሁ ለ20 ብትከፍሏት፥ ከዚያ አንዷን ክፋይ ፈጭታችሁ በዚያ ስፍራ ብትበትኗት የተፈቀደው ልክ ሞላ ማለት ነው። መውጫ በሌለው ቤት ጉልቻ ሲነድ ግን የቀንና የሌሊቱ አማካይ በመቶ የሚቈጠር ማይክሮግራም ይሆናል፤ እሳቱ በሚቀጣጠልበት ሰዓት ከሺህም ያልፋል። ክፋይዋ ቀርታ ሙሉ ፍሬ፥ እንዲያውም ሦስትና ከዚያ የበለጠ ፍሬ ጤፍ ዱቄት ተበተነ እንደ ማለት ነው።

ሦስት ፍሬ ጤፍ ምን ትጐዳለች የሚል ሰው አይጠፋም። አንድ ሰው ግን በቀን 10 ሺህ ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። ደግሞም ነገሩ የአንድ ቀን አይደለም። አንዲት ልጅ በ10 ዓመቷ እናቷን ማገዝ ጀምራ እስከ 50 ዓመቷ ብትጋግር 40 ዓመት ነው፤ በሳምንት ሁለት የመጋገሪያ ቀን ብቻ ብንቈጥር ከ4 ሺህ ቀን በላይ ከጢሱ ፊት ተቀምጣለች። ወጡን፥ ቂጣውን፥ ቡናውንና የማታውን እሳት ገና አልቈጠርንም።

ይህ ትቢያ በልብ ላይ የሚሠራውን ለመረዳት የደም ሥርን እንደ መስኖ ቦይ ማሰብ ይጠቅማል። ቦዩ ንጹሕና ልስልስ የሆነ እንደ ሆነ ውሃው ያለ ችግር ይሄዳል። ዳሩ ከተቦጫጨቀ ግን ደለል ይይዛል፤ ደለሉም ሌላ ደለል ይጠራል። ደቃቁ ትቢያ ሳንባ ውስጥ በተቀመጠ ቍጥር ሰውነት ጠላት ገባብኝ ብሎ ይቈጣል። ቍጣው በሳንባ ብቻ አይቀርም፤ በደም ተጭኖ ሰውነትን ሁሉ ይዞራል። ከትቢያውም እጅግ የረቀቀው ራሱ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ምክንያት የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ይጐዳል፤ ስብ ይለጥፋል፤ እየጠበቀና እየደረቀ ይሄዳል። ደሙም ቶሎ የሚረጋ ይሆናል። ቦይ በደለል ሲጠብ ውሃው ከዳር እንደሚገነፍል ሁሉ፥ የደም ሥር ሲጠብና ሲደርቅ የደም ግፊት ከፍ ይላል። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታ ሥራተኛ ነው፤ ቦዩ ሲጠብበት በኀይል መግፋት ይኖርበታል። አንድ ቀን የረጋ ደም የጠበበውን ስፍራ የደፈነው እንደ ሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው የልብ ሥጋ ምግብ አጥቶ ይሞታል። በአንጐል ውስጥ የደፈነው እንደ ሆነ ደግሞ ግማሽ አካል ይሰንፋል።

ሌላም አለ። በጢስ ውስጥ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አየር ይገኛል። ደማችን ንጹሕ አየር ከሚይዘው ይልቅ ይህን መርዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ከእሳቱ ፊት የተቀመጠች እናት ደሟ እየዞረ ሳለ የሚያደርሰው ንጹሕ አየር ጥቂት ይሆናል፤ ልቧም የጐደለውን ለመሙላት ይፈጥናል። ከመጋገር በኋላ ራሴን ፈለጠኝ፥ ልቤ ደከመ የምትሉት አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሐኪሞች ይህን በምን አወቁት ብትሉ፥ መጀመሪያ ዓለምን ያስደነገጠው የሎንዶን ከተማ ጢስ ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በታኅሣሥ ወር 1952 ብርድና ጭጋግ ሆኖ የከሰል ጢስ በከተማይቱ ላይ አምስት ቀን ተኛባት፤ በዚያን ጊዜ በተደረገው ቈጠራ 4 ሺህ ያህል ሰው ከወትሮው በላይ ሞተ፤ በኋላ የመረመሩት ደግሞ ቍጥሩን እስከ 12 ሺህ ያደርሱታል። ይህ ግን የጥቂት ቀን ነገር ነው። ጥቂት ጢስ ብዙ ዓመት ቢተነፈስስ ለሚለው ጥያቄ ትልቅ መልስ የሰጠው በአሜሪካ አገር በስድስት ከተሞች የተደረገው ጥናት ነው። 8 ሺህ 111 ሰዎችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ድረስ ተከታትለው በ1993 ባወጡት ጽሑፍ፥ አየሩ እጅግ በቈሸሸው ከተማ የሚኖሩት ሰዎች ንጹሕ አየር ካለው ከተማ ሰዎች ይልቅ የሞታቸው መጠን ከመቶ 26 በልጦ ተገኘ፤ ትንባሆ ማጨሳቸውና ዕድሜያቸው በሒሳቡ ውስጥ ገብቶ እንኳ እንዲህ ሆነ። በጓቴማላ አገር ደግሞ እንደኛ እናቶች በእንጨት የሚያበስሉ የገጠር ሴቶች ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ተሰጣቸው። በዕድሜ ከ38 በላይ የሆኑት የደም ግፊታቸው ሲለካ የታችኛው ቍጥር በአሮጌው ምድጃ ከሚያበስሉት በ3 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሦስት ቍጥር ትንሽ ትመስላለች፤ ያለ መድኃኒት፥ ጢስን ከቤት በማስወጣት ብቻ የተገኘች መሆኗን ስናስብ ግን ትንሽ አይደለችም።

የልብ ሕመም ሁሉ ግን ከጢስ ይመጣል አላልንም። ትንባሆ፥ ጨው ማብዛት፥ የስኳር በሽታ፥ ዕድሜ፥ ከዘር የሚወረስ ደም ብዛት፥ ሁሉም አሉበት። ጢስ በነዚህ ላይ የሚጨመር ሸክም ነው። በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ሕመምም ሌላ ነው፤ እርሱ የሚነሣው ልጅ ቶንሲል ይዞት ሳይታከም ሲቀር፥ በኋላም የልብ በሮች ሲጐዱ ነው። ስለዚህ ጉሮሮውን አሞት የሚያተኵሰውን ልጅ በቤት ውስጥ አትተዉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። አንዲት የ50 ዓመት እናት ከወንዝ ውሃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ደረቷን ጨብጦ ያዛት እንበል። ታርፋለች፤ ይለቃታል። ጐረቤቷም «እታለም፥ ውጋት ነው፤ በቅቤ ላሽሽ» ትላታለች። ከወር በኋላ ሜዳ ላይ ይይዛታል፤ ከዚያ ተቀምጣ ሳለ። ውጋት ብዙ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ደረትን እንደ ድንጋይ ተጭኖ የሚይዝ፥ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፥ ቀዝቃዛ ላብ የሚያላብስ ሕመም የልብ ምልክት ስለ ሆነ በቅቤ መታሸት አያድነውም። ጥቂት ሲሄዱ ትንፋሽ ማጠር፥ ትራስ ካልተደራረበ መተኛት አለመቻል፥ ማታ ማታ እግር ማበጥ፥ እነዚህም የልብ ድካም ምልክቶች ናቸው። ድንገት አፍ ሲጣመም፥ አንድ እጅ ሲዝል፥ ንግግር ሲኰላተፍ ደግሞ ሰው ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ፍለጋ ይሮጣል። ዳማከሴ መጥፎ ነው አንልም፤ ነገር ግን ይህ የአንጐል የደም ሥር ሕመም ሊሆን ስለሚችል የምትባክን አንዲት ሰዓት እንኳ ብዙ ትጐዳለች። በሽተኛውን በቃሬዛም ይሁን በባጃጅ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል።

የደም ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ስለዚህ ከ30 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሳይታመም መለካት አለበት። ገበያ ስትወጡ ወይም ልጅ ስታስከትቡ «የኔንም ለኩልኝ» ማለት ነውር አይደለም። የላይኛው ቍጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ፥ ሌላ ቀን ደግሞ ሲለካ እንዲሁ ከሆነ፥ ደም ብዛት ይባላል፤ መድኃኒቱም ተሻለኝ ተብሎ አይቋረጥም።

ስለ ጢስ ስንናገር ከአባቶችና ከእናቶች የምንሰማው መልስ አለ፤ ያለ ምክንያት የሚባልም አይደለም። ጢስ የሣር ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል ይባላል፤ እውነት ነው። ቤት ያሞቃል ይባላል፤ በጮቄ በኩል የሚነፍሰውን የክረምት ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም። ዝንብና ትንኝም ያባርራል። ነገር ግን ቤቱን የሚያሞቀው እሳቱ ነው እንጂ ጢሱ አይደለም። ክዳኑንም በተመለከተ፥ ክዳን ሲያረጅ በአዲስ ሣር ይለወጣል፤ የእናት የደም ሥር ሲያረጅ የሚለውጠው የለም። ደግሞም ዛሬ ብዙ ሰው ቤቱን ወደ ቆርቆሮ እየለወጠ ነው። ይህ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ አንድ ያልታሰበ ጉዳት አለበት፤ ሣር ጢስ ያሳልፋል፥ ቆርቆሮ ግን አያሳልፍም። ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው ድረስ በጭቃ ከተመረገ ጢሱ እንደ ጋን ጠላ ታሽጎ ይቀራል። ስለዚህ ቆርቆሮ የምታለብሱ ሁሉ ማብሰያው ባለበት በኩል በግድግዳውና በክዳኑ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተዉ።

ከሁሉ የሚሻለው እሳቱን ሰው ከሚተኛበት ቤት መለየት ነው። ማድ ቤቱ ለብቻው ይሠራ፤ ትልቅ ወጪ አይጠይቅም። በሦስት በኩል ግድግዳ ያለው፥ አንዱ ጐን እስከ ወገብ ብቻ የተመረገ፥ ነፋስ ከሚመጣበት ጀርባውን የሰጠ ዳስ ይበቃል። ለብቻው መሥራት ያልቻለ ሰው በቤቱ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ያውጣ፤ አንዱ ብቻ ሲሆን አየሩ አይዞርም። ይህ ሥራ የአባወራው ነው። ለበሬው ጋጣ፥ ለእህሉ ጐተራ የሚሠራ ሰው ለሚስቱ ትንፋሽ አንድ ቀዳዳ መቅደድ አቃተኝ ቢል አናምነውም።

ጢስ ማውጫ ቱቦ ማቆም እጅግ መልካም ነው፤ ሆኖም የጋለ ቆርቆሮ በሣር ክዳን መካከል አይለፍ፤ ቤት ያቃጥላል። ሣር ቤት ከሆነ ቱቦው በግድግዳው በኩል ወጥቶ ከክዳኑ ራቅ ብሎ ይቁም።

ምርጥ የሚባለውን ምድጃ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። በአገራችን ባለሙያዎች ለእንጀራ ታስቦ የተሠራ፥ የሲሚንቶ ቍራሾቹ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን የሚከቡት ነው። እሳቱ ተሰብስቦ ስለሚነድ ከጉልቻ ይልቅ ማገዶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቈጥባል፤ ጢሱም ይቀንሳል። ማገዶ ለቀማ ለሚደክሙ ሴቶች ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ግን እውነቱን መደበቅ አይገባንም። በጎጃም በሜጫ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ለቤተሰቦች ታድሎ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. በወጣው ውጤት ጢሱ በብዙ ቀነሰ፤ ሆኖም ከተፈቀደው ልክ በብዙ እጥፍ የበለጠ ሆኖ ቀረ፤ የሕፃናቱም የሳንባ ሕመም በግልጽ ሲቀንስ አልታየም። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ እንጀራው በአዲሱ ምድጃ ቢጋገርም ወጡና ቡናው በዚያው ቤት በጉልቻ ላይ ከሆነ ጢሱ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ምድጃውም መስኮቱም አብረው ይሁኑ። መብራት የደረሳችሁ ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሁለት ሦስት ጐረቤት ተባብሮ በአንድ ምጣድ ተራ እየገባ ቢጋግር ወጪው ይቀላል።

ማገዶው ይድረቅ። ዛሬ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ዛሬ አይነድድም፤ ተፈልጦ፥ ከዝናብ ተጠልሎ፥ ወራት መቈየት አለበት። ኩበት ከማገዶ ሁሉ ጢሰኛ ስለ ሆነ ለመሬቱ ፍግ ብታደርጉት ይሻላል። ባቄላና አተር ማታ ተነክሮ ቢያድር የሚፈጀው እሳት ያንሳል። እሳቱ እስኪያያዝ ድረስ ከቤት ውጭ አቀጣጥሎ ፍሙን ይዞ መግባትም ይቻላል፤ ክፉው ጢስ የመጀመሪያው ነው ብለናልና። ነፍሰ ጡርና አራስ፥ ደም ብዛት ያለባት፥ ልቧን የሚያማት ሴት ሌላ ሰው እያለ ምጣድ ፊት አትቀመጥ፤ አራስ ቤትም ይሞቃል ተብሎ በጢስ አይታፈን።

አረቄ ለምታወጡ እናቶች ለብቻው አንድ ቃል አለን። አረቄ የብዙ ቤት የደብተርና የማዳበሪያ ገንዘብ የሚገኝበት መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን እሳቱ ቀኑን ሙሉ ስለማይጠፋ አንድ የአረቄ ቀን ከብዙ የመጋገሪያ ሰዓት ይበልጣል። እባካችሁ ይህን ሥራ በደጅ፥ በዛፍ ጥላ ወይም በዳስ ሥር አድርጉት።

ከሰል ጢስ የለውም ብላችሁ አትታለሉ። ያ መልክና ሽታ የሌለው መርዝ አየር ከከሰል በብዛት ይወጣል። ለሙቀት ብሎ የከሰል ምድጃ አግብቶ፥ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የከሰል ምድጃ ሰው ከመተኛቱ በፊት ከነፍሙ ወደ ደጅ ይውጣ።

ኩራዝም እንዲሁ ነው። ልጅ ማታ ሲያጠና አፍንጫውን ወደ ኩራዙ አስጠግቶ ስለ ሆነ ጥላሸቱን ከደብተሩ ጋር ይወስዳል፤ አቅም ያለው በፀሐይ የሚሠራውን ፋኖስ ይግዛ።

ጢስ ማውጫ ያቆማችሁ ሁሉ ቱቦውን በየወሩ ጥረጉ፤ ጥላሸት የያዘ ቱቦ ጢሱን ወደ ቤት ይመልሳል። የምትጠርጉት እሳቱ ጠፍቶ ቱቦው ከቀዘቀዘ በኋላ፥ አፍና አፍንጫችሁን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ይሁን፤ ሕፃናቱም በዚያ ሰዓት ውጭ ይቈዩ። የተጠረገውን ጥላሸት ከመድረቁና ከመብነኑ በፊት ውሃ ረጭታችሁ በጕድጓድ ቅበሩት።